የሚጮኽ ቺንጋ ሳሙና አይፈልግም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክረምት በገባ ቁጥር በአዲስ አበባ ሰፈሮች ማለዳ ላይ አንድ ድምፅ ይበረክታል። ሞተር ሲነሳ ቺንጋው፣ ማለትም በሞተሩ ፊት የሚዞረው የጎማ ቀበቶ፣ "ሲ...ጥ" ብሎ ይጮኻል፤ ጥቂት ቆይቶ ዝም ይላል። ዝም ስለሚል ባለመኪናው እስከሚቀጥለው ጠዋት ይረሳዋል። ጩኸቱ ሲበዛና ጎረቤት ማማረር ሲጀምር ደግሞ መፍትሔ ተብሎ የሚደረገው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ቺንጋው ላይ ደረቅ ሳሙና ይታሻል፣ ወይ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ተጎትቶ ቺንጋው እንደ ክራር ክር እስኪወጠር ድረስ ይጠብቃል። ሁለቱም ጩኸቱን ያስቆማሉ፤ እንደ ጥገና የሚቆጠሩትም ለዚህ ነው። በሞተር ጥገና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው፣ ምክንያቱ ሳይለይ የታፈነ የቺንጋ ጩኸት ቆይቶ ዲናሞ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ሲከፋም ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) እንደሚያስለውጥ ባለመኪኖች እንዲያውቁልን ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከበፊቱ ይበልጥ ያሳስባል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ተወዷል። አሁን በእጃችን ያሉት ቪትዞች፣ ኮሮላዎችና ሃይሶች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። በጥቂት ውሃና በአንድ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) የሚለይን ችግር በግምት ዕቃ እየቀያየሩ ማሳደድ ማንም የሚችለው ወጪ አይደለም።

ቺንጋው የሞተሩን ጉልበት ከዋናው ዘንግ (ክራንክ) ፑሌጃ፣ ማለትም ቦይ ካለው መዘውር፣ ተቀብሎ ለዲናሞው፣ በብዙ ሞተሮች ለውሃ ፓምፑ፣ ለመሪ ፓምፑና ለኤሲ ኮምፕሬሰሩ ያከፋፍላል። የቫልቮችን ጊዜ እንደሚጠብቀው ታይሚንግ ቺንጋ የሚነክስበት ጥርስ የለውም፤ የሚይዘው በሰበቃ ብቻ ነው። የሚጠየቀው ጉልበት ከሰበቃው ሲበልጥ ጎማው በብረቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ይጮኻልም። የሚጠየቀው ጉልበት ደግሞ ቀላል አይደለም። በ14 ቮልት 80 አምፔር የሚሰጥ ዲናሞ 1,120 ዋት ያመነጫል፤ ከተቀበለው ጉልበት ግማሽ ያህሉን በሙቀት ስለሚያባክን ከቺንጋው የሚወስደው ወደ 2 ኪሎ ዋት ይጠጋል። ይህን ሁሉ የሚቀበለው የዲናሞው ፑሌጃ አብዛኛውን ጊዜ በሞተሩ ላይ ካሉት ሁሉ ትንሹ ነው፤ ቺንጋው የሚያቅፈው ዙሪያውም ጠባብ ነው። ስለዚህ መንሸራተት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዲናሞው ላይ ነው።

ማለዳ የሚብሰውም ለዚሁ ነው። ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ሞተሩን ለማስነሳት ከባትሪው ያወጣውን ዲናሞው ወዲያው ለመመለስ በሙሉ አቅሙ ይሠራል፤ ጎማው በሌሊቱ ብርድ ደርቋል፤ ፑሌጃው ላይ እርጥበት አለ። ሦስቱ በአንድ ላይ ሲገናኙ የላላ ወይም ያለቀ ቺንጋ መያዝ ያቅተዋል። ባትሪው ሲሞላ፣ ጎማው ሲሞቅና እርጥበቱ ሲተን ጩኸቱ ይጠፋል እንጂ መላላቱ አልጠፋም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማይጠረጥሩት ባትሪውን ነው። ያረጀ ባትሪ ቶሎ ስለማይሞላ ዲናሞው ረዥም ሰዓት በከባድ ጭነት ይሠራል፤ ቺንጋው ጤነኛ ሆኖ እንኳ ሊጮኽ ይችላል። ስለዚህ ቺንጋው ከመነካቱ በፊት ቴስተር ይውጣ። መኪናው ቆሞ ባደረበት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል ከ12.4 እስከ 12.7 ቮልት መነበብ አለበት። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ገደማ ይነበባል። ከዚያ ረዥሙ መብራት፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውና የውስጥ ማራገቢያው በአንድ ጊዜ ይከፈቱና ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር ከፍ ይበል። ቮልቱ ከ13 በታች ወርዶ ቺንጋውም አብሮ ከጮኸ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው። ሳይጮኽ ከወረደ ችግሩ በዲናሞው ወይም በሽቦው ይፈለግ። ጠዋት 12 ቮልት ወይም ከዚያ በታች የሚያነብ ባትሪ መጀመሪያ በቻርጀር ይሞላና ይፈተሽ። መያዝ ያቃተው ባትሪ ሲቀየር አዲስ ቺንጋ ሳይገዛ ጩኸቱ አብሮ የሚሄድበት ጊዜ አለ።

ጩኸት ሁሉ አንድ አይደለም። ረዥም፣ ጆሮ የሚበሳ፣ ነዳጅ ሲረገጥና ጭነት ሲጨመር የሚጎላው "ሲ...ጥ" የመንሸራተት ድምፅ ነው፤ መንስኤው የቺንጋ መላላት ወይም ማለቅ፣ ዘይት፣ አለዚያም በደንብ የማይዞር ፑሌጃ ነው። አጭርና እየተደጋገመ የሚመጣው "ጢው፣ ጢው፣ ጢው" ግን ሌላ ነው። ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲሠራ አንድ በአንድ ይሰማል፣ ዙሩ ሲጨምር እየፈጠነ ይሄዳል። ይህ ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር ላይ አለመሆናቸውን ይናገራል። "ግር..." የሚለው ደረቅ ድምፅ ደግሞ ከቺንጋው ሳይሆን ዘንግ ከሚዞርበት ኩሽኔታ ነው።

ጆሮ ከተጠራጠረ ውሃ ይለየዋል። ሞተሩ ዝግ ብሎ እየሠራ ንጹሕ ውሃ በአበባ መርጫ ወይም በልብስ ውሃ መርጫ በቺንጋው ውስጠኛ፣ ሸንተረር ባለው ገጽ ላይ ጥቂት ይረጫል። ድምፁ ከባሰ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው፤ ውጥረቱ ይታይ። ለጥቂት ሰከንድ ጠፍቶ ከተመለሰ የመስመር መዛባት ነው፤ እዚህ ላይ ማጥበቅ ምንም አይፈይድም፣ እንዲያውም ያባብሳል። ጨርሶ ካልተለወጠ ኩሽኔታ ይፈለግ። ሙከራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ምንም አያስወጣም፤ ሆኖም ቺንጋ ከተለወጠ በኋላ "አሁንም ይጮኻል" ተብለው ከሚመለሱ መኪኖች ብዙዎቹ አልተደረገላቸውም። ውሃው ወደ ዲናሞው ጀርባና ወደ ሽቦ ማያያዣዎች እንዳይረጭ። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌና ያልታሰረ ፀጉር ከሚዞር ቺንጋ ይራቁ። የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ባላቸው መኪኖች ማራገቢያው ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በራሱ ሊነሳ እንደሚችል አይዘንጋ።

ሁለትና ሦስት ቺንጋ ባላቸው ሞተሮች የትኛው እንደሚጮኽ ለማወቅ ጭነቱን አንድ በአንድ መስጠት ይበቃል። መብራት ሲበራ የሚጮኽ ከሆነ የዲናሞው ነው። መሪው ወደ ጥግ ሲዞር የሚጮኽ ከሆነ የመሪ ፓምፑ ነው፤ መሪውን ጥግ ላይ ከአምስት ሰከንድ በላይ ይዞ መቆየት ግን ፓምፑን ይጎዳል። ኤሲ ሲከፈት "ቀጭ" ብሎ ኮምፕሬሰሩ በያዘበት ቅጽበት ከጮኸ የኮምፕሬሰሩ ነው።

ከዚህ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተነቅሎ ቺንጋው በዓይን ይታያል። በዕድሜ ጠና ባሉት ሞተሮች ላይ የሚገኘው፣ ወደ ሆዱ እየጠበበ የሚሄደው ባለ ቪ ቺንጋ የሚይዘው በሁለት ጎኖቹ ነው። ደህና ሲሆን ጀርባው ከፑሌጃው ከንፈር ጋር እኩል ይሆናል። ሲያልቅ ወደ ቦዩ ውስጥ ይሰምጣል፤ ሆዱ የቦዩን ወለል ከነካ ጎኖቹ መጨበጣቸው ይቀራል። የቦዩ ወለል አብለጭልጮ ከታየ ይህ ሆኗል ማለት ነው፤ የፈለገውን ያህል ቢጠብቅ መንሸራተቱ አይቀርም። ፑሌጃው ራሱ ተበልቶ ቦዩ ከሰፋ ደግሞ አዲስ ቺንጋም ይሰምጣል፤ መቀየር ያለበት ፑሌጃው ነው። ሁለት ባለ ቪ ቺንጋ ጎን ለጎን በሚሄዱበት ሞተር ላይ አንዱን ብቻ መቀየር ከንቱ ነው። አሮጌው ስለተለጠጠ አዲሱ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፣ ቶሎም ያልቃል። በጥንድ ይቀየራሉ።

ጠፍጣፋውና ባለ ብዙ ሸንተረሩ ቺንጋ ላይ የሚደረገው ስህተት ሌላ ነው። በፊት ከኒዮፕሪን ጎማ ይሠራ ስለነበር ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ በአንድ ሸንተረር ላይ በ8 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ ሦስት ስንጥቅ ከታየ ጊዜው አልፏል ይባል ነበር፤ ለዚያ ዓይነት ቺንጋ ዛሬም ይሠራል። አሁን የሚመጡት አብዛኞቹ ግን ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ የተሠሩ ናቸው። እነዚህ ብዙም አይሰነጠቁም፤ እንደ መኪና ጎማ እየተበሉ ይሄዳሉ። በሸንተረሮቹ መካከል ያለው ሸለቆ እየሰፋና እየጠለቀ ሲሄድ የፑሌጃው ጫፎች ጭነቱን በጎን ሳይሆን በወለል ይቀበላሉ። ከሸንተረሩ ጎማ 5 በመቶ ያህሉ ሲጠፋ መንሸራተት ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ "አልተሰነጠቀም፣ ደህና ነው" የሚለው ፍርድ ለእነዚህ አይሠራም። ተመሳሳይ ቁጥር ያለው አዲስ ቺንጋ አጠገቡ ተይዞ ሸለቆዎቹ ይነጻጸሩ፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ጠርዙ የተቦጫጨቀ ቺንጋ ከመስመር የወጣ ፑሌጃ አለበት። አንድ ሸንተረሩ ብቻ የተገነጠለ ከሆነ ከቦዩ ውስጥ ጠጠር ይፈለግ፤ በአቧራማና ኮረኮንች መንገዳችን ይህ ብርቅ አይደለም።

ዘይት የነካው ቺንጋ አይታጠብም፣ ይጣላል። ጎማው ዘይቱን ከጠጣ በኋላ ላዩን ማጠብ ለጥቂት ቀን ዝም ያሰኘው እንደሆነ እንጂ አይመልሰውም። ነገር ግን ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አዲስ መግጠምም ያው ነው። የሚታዩት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ የቫልቭ ክዳን ጉርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ)፣ የክራንክ ዘንጉ የፊት ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃ)፣ የመሪ ፓምፑ ቱቦዎች። የራዲያተር ውሃም፣ በተለይ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የተቀላቀለበት፣ ቺንጋ ላይ ሲንጠባጠብ ያስጮኻል፤ የውሃ ፓምፑ ከሥሩ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ላይ የደረቀ አረንጓዴ ወይም ቀይ ዱካ ከታየ የፓምፑ ማኅተም (የውሃ ማገጃው) መልቀቅ ጀምሯል። ምንጩ ከተደፈነ በኋላ የፑሌጃዎቹ ቦዮች በሳሙና ውሃና በብሩሽ ታጥበው ይደርቁ። ሳሙና በዚህ ሥራ ላይ ቦታ ያለው እዚህ ብቻ ነው።

ቺንጋ ላይ የሚታሸው ሳሙናና ሻማ፣ የሚፈሰው ለስላሳ መጠጥ፣ በቆርቆሮ የሚሸጠው የቺንጋ ርጭትም ቢሆን የሚሠሩት ከሁለት በአንዱ መንገድ ነው፤ ወይ ገጹን አሙለጭላጭ አድርገው ድምፁን ያፍናሉ፣ ወይ አጣብቀው ለጊዜው ያስይዙታል። የሚያሙለጨልጨው መንሸራተቱን ይጨምራል፤ ቺንጋው ዝም ብሎ ይንሸራተታል፣ በሙቀትም ይቃጠላል፣ ባትሪውም ሳይሞላ ይቀራል። የሚያጣብቀው አቧራ ሰብስቦ ሸንተረሩን ይፈገፍጋል። ግራሶ የሚቀባም አለ፤ ለዚህ የምንለው ቺንጋው እንዲይዝ እንጂ እንዲንሸራተት አልተሠራም ብቻ ነው።

ውጥረት በእጅ በሚስተካከልባቸው ሞተሮች ላይ ሥራው እንዲህ ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ይፈታ፤ የዲናሞው ወፍራም ሽቦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ስላለበት ቁልፍ ከነካውና ከሞተሩ ብረት ጋር ካገናኘው ብልጭታው እጅ ያቃጥላል። የቺንጋው ረዥሙ ክፍል መሐል ላይ በአውራ ጣት በ10 ኪሎ ያህል ኃይል ይጫን። በአብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች ከ7 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ የሞተሩ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የመጽሐፉ ይያዝ። ከዚያ ዲናሞው የሚታጠፍበት ማጠፊያ ቡሎንና የማስተካከያው መቆለፊያ ቡሎን ይላላሉ፤ በቶዮታዎች ላይ ብዙ ጊዜ ባለ 14 እና ባለ 12 ቁልፍ ይበቃል። መቆለፊያው ብቻ ላልቶ ማጠፊያው ሳይላላ ዲናሞውን መጎተት ጆሮውን (የሚታሰርበትን ብረት) ይሰብራል። ማስተካከያ ቪቲ ካለው ሩብ ዙር ሩብ ዙር እየተዞረ ይለካል። ከሌለው ረዥም ብረት በዲናሞው ፊት ባለው ወፍራም አካል ላይ ተደግፎ ይገፋል፤ በጀርባው ቀጭን ክዳን ላይ ፈጽሞ አይደገፍም። ልኩ ሲገኝ መጀመሪያ መቆለፊያው፣ ቀጥሎ ማጠፊያው ይጠብቃል፤ ከጠበቀ በኋላ እንደገና ይለካ፣ ቡሎኑ ሲጠብቅ ዲናሞው ስለሚንቀሳቀስ።

አዲስ ቺንጋ ከነባሩ ትንሽ ጠበቅ ብሎ ይገጠማል። በቶዮታ የጥገና መጽሐፎች አዲስ የሚባለው በሚሠራ ሞተር ላይ ከ5 ደቂቃ በታች የዞረ ነው፤ ከዚያ በኋላ የነባር ልክ ይያዝለታል። ስለዚህ አዲስ ቺንጋ ተገጥሞ ሞተሩ 5 ደቂቃ ይሥራ፣ ይጥፋ፣ ውጥረቱ እንደገና ይለካ። ይህ ዳግም ልኬት ስለሚዘለል ነው አዲስ ቺንጋ በሳምንቱ የሚጮኸው፤ ባለመኪናውም ዕቃው አስመሳይ መስሎት ነጋዴውን የሚወቅሰው።

ከመላላቱ ይልቅ በጣም መጥበቁ ይበልጥ ያስፈራናል። የላላ ቺንጋ ይጮኻል፣ ሰው ይሰማል፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ግን ዝም ብሎ ይገድላል። ጎትቶ የሚይዘው የዲናሞውን የፊት ኩሽኔታና የውሃ ፓምፑን ዘንግ ነው። መጀመሪያ ኩሽኔታው "ግር" ማለት ይጀምራል፣ ቀጥሎ የፓምፑ ማኅተም ውሃ ይለቃል። ሁለቱ ዕቃዎች የቺንጋውን ዋጋ እጥፍ ድርብ ያስከፍላሉ። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫን ምንም የማይነቃነቅ ከሆነ፣ ጩኸቱ ቢጠፋም ሥራው ተበላሽቷል፤ ባለመኪናው ከጋራዥ ከመውጣቱ በፊት ይህን በራሱ ጣት ማረጋገጥ ይችላል፣ ማረጋገጥም መብቱ ነው።

በአዳዲሶቹ ሞተሮች ቺንጋውን የሚወጥረው ስፕሪንግ ያለው ቴንሽነር ነው፤ በእጅ የሚጠብቅ ነገር የለውም። ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲሠራ ክንዱ ጸጥ ብሎ መቆም ወይም ጥቂት መነቃነቅ አለበት፤ ወዲያና ወዲህ የሚዘል ከሆነ ማለዘቢያው አልቋል። ቺንጋው ሲወጣ ክንዱ በቁልፍ ተይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዙር፤ መንቀርፈፍ ወይም መያዝ ካለበት አዲስ ቺንጋ ገጥሞ አሮጌውን ቴንሽነር መተው ገንዘብ ማባከን ነው። ቺንጋው በወጣበት ሌሎቹም ፑሌጃዎች በእጅ ይዙሩ። ደህና ኩሽኔታ ያለ ድምፅ ይዞራል፣ ወደ ጎን ሲነቀነቅም አይወዛወዝም። በአንዳንድ አዳዲስ ናፍጣ ሞተሮች የዲናሞው ፑሌጃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ነው፤ ወደ ሌላው በነጻ መዞር ይገባዋል። በሁለቱም ወገን ከያዘ ሞተሩ ሲጠፋ ቺንጋው ሊጮኽ ይችላል። ድምፁ ከቺንጋው መንገድ መሆኑን ማረጋገጥ የፈለገ ቺንጋው ወጥቶ ሞተሩን ማስነሳት ይችላል፤ የውሃ ፓምፑ ስለማይዞር ግን ከግማሽ ደቂቃ አይለፍ።

የመስመር መዛባት አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ዲናሞ ማሰሪያው ስለማይገጥም በሮንዴላ (ቀዳዳ ባለው ክብ ብረት) ተደግፎ ሲታሰር፣ ወይም ዲናሞው ሲፈታ የነበረች አንዲት ሮንዴላ ሳትመለስ ስትቀር ፑሌጃው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይወጣል። ቀጥ ያለ ብረት በሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ላይ ይጋደም፤ የፑሌጃዎቹ ከንፈር ስፋት የተለያየ ከሆነ ከቦይ ወደ ቦይ ይለካ። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ይስተካከል። ሌላው ምክንያት የክራንክ ፑሌጃው ነው። የብዙዎቹ ፑሌጃ ሁለት ብረት ሲሆን በመካከሉ የጎማ ቀለበት አለው፤ ጎማው ሲለቅ የውጪው ብረት ይወላገዳል። በውስጡና በውጪው ብረት ላይ የሚያልፍ አንድ መስመር በቀለም ይሰመር፤ ከጥቂት ቀን በኋላ መስመሩ ተቆርጦ ከተገኘ ፑሌጃው ተላቋል፣ በቶሎ ይቀየር።

ሊገዛ የሚሄድ ሰው የመኪናውን ስም ብቻ ይዞ አይሂድ። አሮጌው ቺንጋ ጀርባ ላይ ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 6ፒኬ 2135 ማለት ስድስት ሸንተረር፣ 2,135 ሚሊ ሜትር ርዝመት ነው። ቁጥሩ ከጠፋ የቶዮታዎቹ ቺንጋ የዕቃ ቁጥር ብዙ ጊዜ በ90916 ይጀምራል፤ በሻሲው ቁጥር ተፈልጎ ይገኛል። "በ10 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ ቴንሽነሩ ይወስደዋል" የሚል ነጋዴ አይሰማ፤ ቴንሽነሩ የሥራ ክልሉን ዳርቻ ላይ ሆኖ ይቀራል፣ ቺንጋው ጥቂት ሲለጠጥ ደግሞ ውጥረት ያጣል። ስድስት ቦይ ላይ አምስት ሸንተረር መግጠምም እንዲሁ ነው፤ ዞሮ ዞሮ ይሠራል፣ ግን አምስቱ የስድስቱን ጭነት ይሸከማሉ። በመደርደሪያ ላይ በፀሐይ የከረመ፣ ታጥፎ የታሰረ፣ የጽሕፈቱ ቀለም በጣት የሚለቅ ቺንጋ አይገዛ።

ሲገጠም የቺንጋው መንገድ ከመውጣቱ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳ። በካቻቢቴ እየተፈለቀቀ በፑሌጃ ከንፈር ላይ የሚጎተት ቺንጋ ውስጡ ያለው ክር ይበጠሳል፤ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ከወራት በኋላ በመንገድ ላይ ይበጠሳል። ቴንሽነሩ ወይም ዲናሞው በበቂ ይላላ፣ ቺንጋው በእጅ ይግባ። ከዚያም በእያንዳንዱ ፑሌጃ ላይ ሸንተረሮቹ ሁሉ በቦዮቻቸው መቀመጣቸው በጣት ይዳሰስ፤ በአንዱ ላይ አንድ ቦይ ዘሎ የገባ ቺንጋ ሞተሩ በተነሳ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጠርዙ ይቦጨቃል።

መንገድ ላይ የባትሪ ምልክቱ በርቶ መሪው ድንገት ከከበደ ቺንጋው ተበጥሷል ማለት ነው። ቺንጋው የውሃ ፓምፑንም የሚያዞር ከሆነ "ጋራዥ እስክደርስ" የሚባል ነገር የለም፤ ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል፣ ጉርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ቴስታታ ይጣመማል። ዳር ተይዞ ወዲያው ይጥፋ። የራዲያተሩ ክዳን ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አይከፈት።

በመጨረሻ በተለይ ለሚኒባስ አሽከርካሪዎችና ባለንብረቶች። ቱኤል፣ ሦስት ኤል እና አምስት ኤል ናፍጣ ሞተር ያላቸው ሃይሶች የፍሬኑን አጋዥ (የእግርን ኃይል የሚያግዘውን ክፍል) የሚያገለግለው፣ አየር የሚስበው የቫክዩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ፣ በዚያው ዘንግ ላይ የሚዞር ነው። በእነዚህ መኪኖች የሚንሸራተት ቺንጋ ባትሪ ብቻ አይደለም የሚያሳጣው፤ ፍሬኑም አጋዥ ያጣል። ቺንጋው ከተበጠሰ ፔዳሉ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደርቃል፣ መኪናውን ለማቆም የሚጠይቀው የእግር ኃይልም በእጅጉ ይጨምራል። ለፓምፑ የሞተር ዘይት የሚያደርሱትና የሚመልሱት ቱቦዎች ሲያረጁ ደግሞ ዘይቱን ቀጥታ ቺንጋው አካባቢ ያንጠባጥባሉ፤ ስለዚህ ቱቦዎቹ ከቺንጋው ጋር አብረው ይፈተሹ። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ደቂቃ የማይሞላ ፍተሻ አለ። ሞተሩ እንደጠፋ ፔዳሉ እስኪደርቅ አምስት ስድስት ጊዜ ይረገጥ፤ እግር ፔዳሉ ላይ እንዳለ ሞተሩ ይነሳ። ደህና ከሆነ ፔዳሉ በራሱ ትንሽ ዝቅ ይላል። ካልወረደ ቺንጋው፣ የቫክዩም ፓምፑ፣ ቱቦውና የፍሬኑ አጋዥ ራሱ ይታዩ፤ እስኪታዩም ድረስ ያ መኪና ተሳፋሪ አይጫን።

የሞተር ጥገና ባለሙያዎች
አዲስ አበባ